«ልጆቼ አይጣሉም» ለምትሉ ወላጆች ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን እናቶችና አባቶች፣

አባቴ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ የዚህ ደብዳቤ የመጀመሪያ ተቀባይ እሳቸው ነበሩ። ስለ ንብረታቸው በተነሣ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ልጆቼ አይጣሉም።» አንድ ቀን የመጨረሻዋ እህታችን ደፍራ «አባባ፣ ኑዛዜ ቢጽፉ ምን ይመስልዎታል?» ብትላቸው «ምነው ልጄ፣ ሞቴን ቸኮልሽበት?» ብለው ሁለት ቀን አኮረፏት። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩን ማንሣት ሟርት ሆነ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ቤት ዝምታ ግን ነቀዘ። የነቀዘውም ከቀብራቸው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ልጆቻቸው አራት ነን፤ እኔ ሁለተኛው ነኝ። ያን ቅዳሜ የአባታችንን መሳቢያ አብረን ከፈትን። ከመነጽር ማኅደር፣ ከደረቀ እስክሪብቶና ከአሮጌ የሐኪም ማዘዣ ሥር ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ወጣ። አባታችን የሚያወጡትን ገንዘብ የሚመዘግቡበት ነው። ታላቅ ወንድሜ የራሱን ሥራ በጀመረበት ዓመት ገጽ ላይ ስሙ አለ፣ ጠቀም ያለ የገንዘብ መጠን አለ፣ ከጎኑ ደግሞ አንዲት ቃል አለች፦ «ሰጠሁ»።

አራታችን እዚያች ቃል ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ታላቄ «ስጦታ ነው፤ ሰጠሁ ይላል እኮ» አለ። ታናሼ ሌላ አገር ነው የሚኖረው፤ በስልክ መስኮት ውስጥ ሆኖ «ብድርም ሲሰጥ ሰጠሁ ይባላል» አለ። እህታችን ምንም ሳትናገር ደብተሩን ወደ ኋላ ማገላበጥ ጀመረች። አንድ ገጽ ላይ «አበደርኩ» የሚል አገኘች። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ለአንድ ጎረቤት «ሰጠሁ» ተብሎ፣ ከሥሩ በሌላ ቀለም «መለሰ» ተጽፏል። እንግዲህ በአባታችን ቋንቋ «ሰጠሁ» አንዳንዴ ብድር ነበር ማለት ነው። ታላቄ ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ ሌባ ነኝ?» አለ። ማንም ሌባ አላለውም ነበር።

ውርሱን እንዳጣራ የተመረጥኩት ከዚህ በኋላ ነው። ዐዋቂ ሆኜ አይደለም። ታላቄ ስለተጠረጠረ፣ ታናሼ ሩቅ ስለሆነ፣ እህቴ ደግሞ ለክርክር በቀረበው ቤት ውስጥ ስለምትኖር የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ካነበብኩትና ከጠየቅኩት የተረዳሁት ነገር ቢኖር የእኛ ጠብ አዲስ አለመሆኑን ነው። የጥንት ሮማውያን እንኳን ልጅ ከወላጁ አስቀድሞ የወሰደውን ወደ ክፍፍሉ መልሶ የሚያስቆጥር ሥርዓት ነበራቸው። በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ መነሻው ወላጅ ለወራሹ በሕይወት ሳለ የሰጠው ከድርሻው ላይ እንደተቀደመለት ይቆጠራል የሚል ነው፤ ሰጪው «ከድርሻው ውጪ ነው» ብሎ በግልጽ ካላስቀመጠ በቀር ይታሰብበታል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ነገሩ ይገለበጣል። ሰጪው በዚያው ጊዜ «ከውርሱ ይታሰብ» ብሎ ካልጻፈ፣ ወይም ተቀባዩ ራሱ በጽሑፍ ካላመነ፣ የተሰጠው ንጹሕ ስጦታ ነው። አንዲት «ሰጠሁ» በአንዱ አገር ትቆጠራለች፣ በሌላው አገር ትረሳለች።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለምናችሁ ኑዛዜ እንድትጽፉ እንኳን አይደለም። ለአንዱ ልጃችሁ ለትምህርት፣ ለሠርግ፣ ለንግድ፣ ለቤት መግዣ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ስትሰጡ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ «ይህ ስጦታ ነው፤ ከድርሻው አይቀነስም» ወይም «ይህ ከድርሻው ላይ ይታሰባል»። ቀን ጻፉበት፣ ፈርሙበት። ከዚያ ለሌሎቹ ልጆቻችሁ ንገሯቸው። ይከፋቸው ይሆናል። ቅር የተሰኘ ልጅ እናንተ ሳላችሁ ሊጠይቃችሁ፣ ሊቆጣችሁ፣ መልስ ሊያገኝ ይችላል። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የሚጠይቀው ደብተሩን ነው።

ሁለተኛው ነገር ከገንዘብ ይከብዳል። እህታችን አባታችንን ስድስት ዓመት አስታማለች። ሰባት ክፍል ያላት፣ የሳምንቱ ቀናት የተጻፉባት የመድኃኒት ሣጥን ነበረቻት፤ እሑድ ማታ እሑድ ማታ ትሞላታለች። ከሥራዋ የለቀቀችውም በሦስተኛው ዓመት ላይ ሌሊት መነሣት ሲበዛባት ነው። በአንዱ ስብሰባ ታናሼ ሒሳብ ሲያወርድ «ስድስት ዓመት ኪራይ ሳትከፍል መኖሯም መታሰብ አለበት» አለ። በክፋት የተናገረው አይመስለኝም፤ ከሩቅ ሲታይ ሒሳቡ እንደዚያ ነው የሚመስለው። እህቴ አልመለሰችለትም። ተነሥታ ሣጥኗን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አባታችን ያረፉት ረቡዕ ነው። ከሐሙስ እስከ እሑድ ያለው መድኃኒት እንዳለ ነበር።

ብዙ ሕጎች የልጅን ማስታመም በፍቅር እንደተደረገ ቆጥረው ያልፉታል። የተለወጡ አሉ። በጀርመን ሟችን ለረጅም ጊዜ ያስታመመ ልጅ በክፍፍሉ ጊዜ ከሌሎቹ ልጆች ማካካሻ መጠየቅ ይችላል። ጃፓን ደግሞ ከሐምሌ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወራሽ ያልሆነ ዘመድ፣ ለምሳሌ አማቶቿን ያስታመመች ምራት፣ ከወራሾቹ ገንዘብ እንድትጠይቅ ፈቅዳለች። ሕጉ ቢኖርም ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ አባቱን እያገላበጠ ደረሰኝ የሚሰበስብ ልጅ ደግሞ የለም። ይህን መዝገብ መያዝ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። የምታስታምማችሁን ልጅ ወይ በየወሩ ክፈሏት፣ ወይ ድርሻዋን ከፍ አድርጋችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ አስቀምጡላት፣ ወይ ቢያንስ በሌሎቹ ፊት «ይህች ልጅ ይህን አድርጋልኛለች» በሉ። ምርቃት ብቻውን ፍርድ ቤት አይቀርብም።

«እኔ ሁሉን እኩል ነው የማወርሰው፤ ምን ያጣላቸዋል?» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። እኔም ድሮ እንደዚያ አስብ ነበር። እኩል ስንል ከየትኛው ቀን ጀምሮ? ቀድሞ የተሰጠው ተቆጥሮ ነው ሳይቆጠር? በማን ግምት? ደግሞስ ቤት እንዴት ነው በእኩል የሚከፈለው? አንድ በር፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ የውሃ ቆጣሪ ነው ያለው።

ቤቱ ላይ ሲደረስ መንገዶቹ ጥቂት ናቸው። ይሸጥና ገንዘቡ ይከፈላል፣ አንዱ የሌሎቹን ድርሻ ይገዛል፣ ይከራይና ኪራዩ ይከፈላል፣ ወይም ባለቤትነቱ ለሁሉም ሆኖ አንዱ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የመኖር መብት ይሰጠዋል። የመጨረሻውን ሰው እምብዛም አያስበውም፤ ለአስታማሚ ልጅ ወይም ለኋላኛ የትዳር ጓደኛ ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። በጋራ ይዞ መቆየት የፍቅር ይመስላል። እንደኔ ከሁሉ አደገኛው እሱ ነው። በብዙ ሕጎች ማንም ሰው ሳይፈልግ በጋራ ባለቤትነት እንዲቆይ አይገደድም፤ አንዱ ወራሽ ብቻውን ተነሥቶ «ድርሻዬ ይለይልኝ» ካለና ቤቱ የማይከፈል ከሆነ መጨረሻው ሐራጅ ሊሆን ይችላል። ሐራጅ ደግሞ ለባለቤቱ አያዝንም። ማንም ሳይጠይቅ ቢቆይስ? አራት ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው ሦስት ልጅ ቢወልዱና ቢያልፉ፣ አንድ ጣሪያ ለማደስ የአሥራ ሁለት ሰው ፊርማ ሊያስፈልግ ነው።

አንዱ ሊገዛ ከፈለገ ደግሞ ዋጋውን ወራሽ አይገምት። ከቤተሰቡ ጋር የማይተዋወቁ ሁለት ገማቾች ለየብቻ ይገምቱ፣ አማካዩ ይወሰድ፣ የሚከፈልበት ቀን ይጻፍ። እኛ ይህን ያወቅነው ታላቄ ያመጣውን ገማች ታናሼ «ጓደኛው ነው» ካለው በኋላ ነው። ጓደኛው ነበር።

የማይሸጡ የማይለወጡ ዕቃዎች ነገር ሌላ ነው። የእናታችን የስፌት መኪና አለች፤ መዘውሯ ይንቋረራል፣ ቀበቶዋ ከተበጠሰ ቆይቷል። ከአራታችን መስፋት የሚችል የለም። ከቤቱ ይልቅ እሷ ላይ ነው ድምፃችን የጮኸው። በመጨረሻ የረዳን ቀላል ዘዴ ነው። ዕጣ አወጣንና ተራ በተራ አንድ አንድ ዕቃ መረጥን፤ በሁለተኛው ዙር ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው፣ መጨረሻ የመረጠ መጀመሪያ ይመርጣል። የዕቃው ዋጋ አልተጠየቀም። የመጀመሪያው ዕጣ ለታናሼ ወጣ፤ በስልክ ሆኖ የስፌት መኪናዋን መረጠ። እስካሁን አልወሰዳትም፤ እኔ ቤት ኮሪደሩ ላይ ናት፣ በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር ጉልበቴን ትመታኛለች።

ሰው ሲሞት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሠሩ ስሕተቶችን ማንም አይነግረንም። ታላቄ የአባታችንን የባንክ ካርድ ምስጢር ቁጥር ያውቅ ነበር፤ ለቀብሩ ወጪ በዚያው ካርድ አወጣ። በቅንነት ነው። ነገር ግን ውክልና ከሰጪው ጋር ይሞታል፤ የሟች ሒሳብም ከሞቱበት ሰዓት ጀምሮ የወራሾቹና የአበዳሪዎቹ ነው። ከሁለት ወር በኋላ የሒሳብ መግለጫው ሲመጣ ያ ወጪ ከሞት በኋላ ያለ ቀን ይዞ ቁጭ አለ፤ «ሰጠሁ» ላይ ሌላ ጥርጣሬ ተጨመረ። ታናሼ ደግሞ ለቁጠባ ብሎ የአባታችንን ስልክ ቁጥር አዘጋ። የየመሥሪያ ቤቱ ማረጋገጫ ኮድ የሚላከው እዚያ ቁጥር ላይ ነበርና አንድ ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። ስለዚህ ለቀብር የሚሆን ገንዘብ ከማን ጋር እንዳለ፣ ሒሳቦቻችሁ የት የት እንደሆኑ፣ የማን ዕዳ እንዳለባችሁና ማን የእናንተ ዕዳ እንዳለበት አንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ወረቀቱ የት እንዳለ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቅ።

ዕዳ ካልኩ አይቀር፣ ወራሽ የሚካፈለው የተረፈውን ነው። መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ዕዳና የማጣራቱ ወጪ ይወጣል። ዕዳው ከንብረቱ ከበለጠ ወራሹ አልፈልግም ማለት ይችላል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። በጀርመን በመደበኛው ስድስት ሳምንት፣ በጃፓን ሦስት ወር ነው፤ ዝም ያለ እንደተቀበለ ይቆጠራል። የንብረቱን ዝርዝር በወጉ ያስመዘገበ ወራሽ ከራሱ ኪስ እንዳይከፍል የሚጠብቀው ሥርዓት በ531 (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ ሮም ንጉሥ በዩስጢንያኖስ የተደነገገ ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎም የአባቱን ዕዳ ሳይመረምር «እኔ ወራሽ ነኝ» ብሎ የሚፈርም ሞልቷል።

ኑዛዜ ጽፈናል የምትሉም አላችሁ። ደግ አደረጋችሁ፤ ግን ፎርሙን የሚያውቅ ሰው አሳዩት። በፈረንሳይ በእጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ ካልተጻፈ፣ ቀንና ፊርማ ከሌለው ዋጋ የለውም፤ በኮምፒዩተር ተተይቦ ቢፈረምበት አይበቃም። በእንግሊዝ በ1837ቱ (እ.ኤ.አ.) የኑዛዜ ሕግ ሁለት ምስክር በአንድ ላይ መገኘት አለበት፤ ምስክር የሆነ ሰው ወይም የትዳር ጓደኛው በዚያው ኑዛዜ የተተወለትን ያጣል። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመሠረቱ አራት ምስክሮች ባሉበት ይነበባል። በእስልምና የውርስ ሥርዓት ደግሞ ሰው በኑዛዜ የሚያዝዘው እስከ አንድ ሦስተኛው ድረስ ብቻ ነው፤ የቀረው ድርሻው አስቀድሞ የተወሰነ ነው። «ቤቱን ለእሷ ብዬ ሁለት ሰው ፊት ተናግሬያለሁ» ማለት እንግዲህ የት እንደሚያደርስ አስቡት።

ባልና ሚስትም ተሳስባችሁ ተነጋገሩ። «እኔ ብሞት ሁሉም ለእሷ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ባል ወይም ሚስት ከጋራ ሀብቱ ግማሹን ይወስዳሉ እንጂ ያለ ኑዛዜ በወራሾች ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ በሌላ አገር ደግሞ ከልጆች ጎን ድርሻ አላቸው። የአገራችሁን ሳትጠይቁ አትማሉ።

ከኑዛዜ ውጪ የሚያልፍም አለ፤ በጡረታና በኢንሹራንስ ፎርም ላይ የሞላችሁት ስም። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነውን ላንሣ። ሰውየው በ1994 ተፋቱ፣ ሚስትየዋም የጡረታ ቁጠባውን በፍቺው ውል ትተውት ነበር። እሳቸው ግን መሥሪያ ቤታቸው ያለውን ፎርም ሳይለውጡ በ2001 ሞቱ። ወደ 400,000 ዶላር የሚጠጋው ገንዘብ ለቀድሞ ሚስታቸው ተከፈለ፤ የሰውየውን ውርስ የምታጣራው ልጃቸው እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ብትከራከርም ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ክፍያው ልክ ነው አሉ። ፎርሙን መለወጥ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር።

ልጃችሁን ከውርስ ልትነቅሉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ልባችሁን አለስልሱ ብዬ አልመክርም፣ ቂማችሁንም አላውቅም። ግን ይህን ስሙ። በእንግሊዝ አንዲት እናት የተለየቻቸውን አንድያ ልጃቸውን ነቅለው፣ ምክንያታቸውንም በደብዳቤ ጽፈው፣ ንብረታቸውን ለእንስሳትና ለአእዋፍ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ተናዘዙ። እናቲቱ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ሞቱ። የመጨረሻው ፍርድ የተሰጠው በ2017 (እ.ኤ.አ.) ነው። ልጅቱ ከ480,000 ፓውንድ በላይ ከሚገመተው ውርስ 50,000 አገኘች። አሥራ ሦስት ዓመት።

ከጋብቻ ውጪ የወለዳችሁት ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ስለ እሱ ቀብራችሁ ላይ አንስማ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1979 (እ.ኤ.አ.) በቤልጅየም ላይ በሰጠው ፍርድ እንዲህ ያለውን ልጅ በውርስ ማሳነስ አድልዎ ነው ብሏል፤ ዛሬ በብዙ አገር ልጅ ልጅ ነው። አንድ ወዳጄ እህቱን የተዋወቃት የወራሽነት ማስረጃ ሊያወጣ በተሰለፈበት መሥሪያ ቤት ነው። እሷም ልታወጣ መጥታ ነበር። የአባቱ አፍንጫ አላት አለኝ። ሲነግረኝ የተናደደው በእሷ አልነበረም።

የእኛን መጨረሻ ልንገራችሁና ላብቃ። ከብዙ ሽምግልና በኋላ «ሰጠሁ»ን ለሁለት ከፈልናት፤ ግማሹ ስጦታ፣ ግማሹ ከታላቄ ድርሻ የሚታሰብ ሆነ። ለእህታችን ስለ ስድስቱ ዓመት ሦስታችን ከየድርሻችን ቆርሰን ሰጠናት። ታናሼ የእሱን ሲፈርም ዝም ብሎ ነው የፈረመው። ቤቱ ተሸጠ። እህቴ ጠባብ ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ የመድኃኒት ሣጥኗን ይዛት ሄዳለች። ታላቄና ታናሼ አይነጋገሩም። ታላቄ ከእኔም ጋር ለበዓል ብቻ ነበር የሚደዋወለው።

ባለፈው ሳምንት ግን በአዘቦት ቀን፣ በማታ ደወለ። «ያ ደብተር አንተ ጋ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ያቺን ገጽ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። የእጅ ጽሑፋቸውን ማየት ፈልጌ ነው።»

አንሥቼ ላክሁለት። መልእክቱ እንደደረሰውና እንደከፈተው ስልኬ ላይ ይታያል። እስካሁን አልመለሰም።

አክባሪያችሁ፣
ሁለተኛው ልጅ